ገና 1964፦ የአንዲት መጫወቻ ሮሎ ጥገና ማስታወሻ

እሑድ

በርሚንግሃም ዳርቻ፣ በሞቃቱ ወራት እሑድ ማለዳ ሰው የመኪናውን ኋላ ከፍቶ አሮጌ ዕቃውን ሣር ላይ ይዘረጋል። እኔ የሄድኩት ሞርሳ፣ ብረት ጨብጦ የሚይዝ መሣሪያ፣ ልገዛ ነበር። ሞርሳ አላገኘሁም። በአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ከዛጉ ሹካዎች ሥር፣ አረንጓዴ ነገር ታየኝ፤ ጎትቼ ሳወጣው ከስንዝር ትንሽ የምታልፍ፣ ጭስ ማውጫዋ የተጣመመ የእንፋሎት ሮሎ፣ የመንገድ መዳመጫ መጫወቻ፣ ሆነች። ሻጩ 25 ፓውንድ ብሎ ጀመረ። ቀጥሎ "አትሠራም፤ በኋላ እንዳትመልስብኝ" አለና እኔ ሳልከራከር ራሱ ወደ 18 አወረደው። እንዲህ ያለ ነጋዴ ብርቅ ነው።

ማሞድ ኤስ አር 1 ናት። ማሞድ የሚለው ስም "ማሊንስ" እና "ሞዴልስ" ከሚሉት ቃላት ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ ጄፍሪ ማሊንስ ይህን የመጫወቻ እንፋሎት ሞተር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1937 እዚሁ በርሚንግሃም አቋቋመ። ይህች ሮሎ ግን መሠራት የጀመረችው በ1961 ስለሆነ ጥንታዊ ልላት አፍራለሁ። ጥንታዊ የሚባሉት በጀርመን የኑረምበርግ ከተማ የተሠሩት ናቸው፤ የቢንግ ወንድማማቾች የመጫወቻ ፋብሪካ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከስሮ ሲበተን የተረፈው ዕቃ ዛሬ በጨረታ ቤት በመስታወት ውስጥ ይታያል። የእኔ አቅም የሚፈቅደው የጫማ ካርቶን ነው።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩ። ሥራዬ አሳንሰር መጠገን ስለሆነ፣ በሁለት ሰዓት እጨርሳታለሁ የሚል ትዕቢት ነበረኝ፤ እዚህ ላይ ጽፌ ያስቀመጥኩት በኋላ እንድስቅበት ነው። የጎደለው ይህ ነው፦ ከቦይለሩ፣ ውሃው ከሚፈላበት ጋን፣ ሥር የሚገባው እሳት ማንደጃ ጨርሶ የለም። ከኮሎው፣ ፒስተኑ ከሚያዞረው ዘንግ፣ ወደ ኋላ ጎማው ኃይል የሚያስተላልፈው ከቀጭን ሽቦ የተጠመዘዘ የሞላ ቀበቶ የለም። ግፊት ሲበዛ እንፋሎት የሚያስወጣው የደኅንነት ቫልቩ ደርቆ ተጣብቋል። ቦይለሩን ጆሮዬ አጠገብ ስወዘውዘው ደግሞ ውስጡ አንድ ነገር ይንኳኳል።

እያንዳንዷን ቪቴ ከመፍታቴ በፊት ፎቶ አነሳሁ። የታችኛውን ቆርቆሮ ገልብጬ በጨርቅ ስጠርገው በምስማር የተጫረ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ "ገና 1964"፣ በእንግሊዝኛ፣ የልጅ እጅ። አራቱ መጀመሪያ ተገልብጦ ተጭሮ ኋላ ላይ ተስተካክሏል።

ለእናቴ አዲስ አበባ ደውዬ ነገርኳት። "ልጄ፣ በዚህ ዕድሜህ መጫወቻ?" አለች። ሮሎ መሆኗን ስነግራት ግን ሳቀች። አያቴ የሚያንኮራፋ ሰው ሲገጥማቸው "የሰርኪስ ባቡር መጣ" ይሉ ነበር። ሰርኪስ ቴርዚያን በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የኖረ አርመናዊ ነጋዴ ነው፤ ያስመጣው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫ በስሙ ተጠርቶ ቀረ። ከሐዲድ ውጭ የሚሄድ ባቡር ላየ ሕዝብ ሌላ ምን ስም ይሰጠው? እናቴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት "ታዲያ ይህችም ታንኮራፋለች?" አለች። አላወቅኩም አልኳት።

ማክሰኞ

የሚንኳኳው ነገር ወጣ። በቫልቩ ቀዳዳ በኩል እያዘነበልኩ፣ እያናወጥኩ፣ በመጨረሻ መዳፌ ላይ ወደቀች፤ የምስር ፍሬ የምታህል የስታኞ፣ ቀልጦ ብረትን ከብረት የሚያያይዝ ማዕድን፣ ጠብታ። ይህች ጠብታ የሮሎዋን ታሪክ ነገረችኝ። የቦይለሩ ክዳኖችና የቫልቩ አንገት ከናሱ ቱቦ ጋር የተያያዙት በስታኞ ነው። ውሃ ከከባቢ አየር በላይ በ1 ባር ግፊት የሚፈላው በ120 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስታኞ መቅለጥ የሚጀምረው ከ183 ዲግሪ ወዲያ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ እሳቱ ምን ቢበረታ ናሱ ከውሃው ብዙ ርቆ መጋል አይችልም፤ የመጣለትን ሙቀት ውሃው ይወስደዋል። ውሃው ያለቀ ጊዜ ግን በመቶ ሃያና በመቶ ሰማንያ መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው። የ1964ቱ ልጅ፣ ወይም ታናሽ ወንድሙ፣ አንድ ቀን "ትንሽ ጨምራ ትሂድ" ብሎ ውሃውን አስጨርሷታል። መጫወቻዋም ካርቶን የገባችው በዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ውስጡን ለማጽዳት ሲትሪክ አሲድ ተጠቀምኩ፤ ለማንቆርቆሪያ ማጽጃ በየሱቁ የሚሸጠው ነጭ ዱቄት። ሁለት የሻይ ማንኪያ በግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ። ወዲያው መንተክተክ ጀመረ፤ የኖራው ቅርፊት ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ የሚለቀው አየር ነው። ስደፋው መጀመሪያ እንደ አተላ የደፈረሰ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ወጣ። ሰማያዊ ማየት ሲጀምሩ ማቆም ነው፤ አሲዱ ቅርፊቱን ጨርሶ ወደ ብረቱ ዞሯል ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዘፍዝፎ መተው የሚወድ ሰው አለ። ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ አሲድ ዚንኩን አስቀድሞ ይበላና ሮዝ መልክ ያለው የደከመ ብረት ይተዋል። እኔ በሁለት ሰዓት አወጣሁት፤ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጠብኩት።

ሐሙስ

የዛሬው ሥራ ሲሊንደሩ ነው፤ ይህን በዝርዝር እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም የዚህች ዓይነት ሞተር ልቧ እዚህ ነው።

በትልልቆቹ ሞተሮች ሲሊንደሩ ተቸንክሮ ይቀመጣል፤ እንፋሎቱን የሚያስገባና የሚያስወጣ ቫልቭ ለብቻው አለ። በዚህች ግን ሲሊንደሩ ራሱ አንድ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ቅቤ እንደሚናጥበት ቅል ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ቀዳዳ አለው። የሚደገፍበት የናስ ፊት ላይ ደግሞ ከቦይለሩ እንፋሎት የሚያመጣ ቀዳዳና የሠራውን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ አሉ። ሲያዘነብል ከአንዱ ጋር ይገጥማል፣ ፒስተኑ ይገፋል፤ ወደ ሌላ ወገን ሲዞር ከሌላው ጋር ይገጥማል፣ እንፋሎቱ ይወጣል። መወዛወዙ ራሱ ቫልቩ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ደርሶ አቅም የሚያጣባትን ቅጽበት በግስጋሴው የሚያሻግረው ከባዱ ጎማ፣ ቮላኖው ነው።

ታዲያ በሁለቱ ጠፍጣፋ ፊቶች መካከል እንፋሎት እንዳያመልጥ የሚደፍን ጓርኒሲዮን የለም። ናስ በናስ ላይ፣ ከኋላ አንዲት ሞላ ትገፋለች፣ በቃ። ስለዚህ ፊቱ ላይ አንድ ጭረት ካለ እንፋሎቱ በጭረቱ በኩል ሹልክ ብሎ ይሄዳል። የእኔዋ አንድ ጭረት አልነበረም ያላት፤ ከቀዳዳው እስከ ጠርዝ እንደ መንገድ ካርታ ተተልማለች። አሸዋ የገባበት ዘይት ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ካለ። ፍጹም ጠፍጣፋ ነገር ያስፈልጋል፤ ከቤት ዕቃ ሁሉ ጠፍጣፋው መስታወት ነው። ዙሪያዬን ስመለከት የሠርጋችን ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ። መስታወቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ባለ 1200 የብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሼ ለጠፍኩበት። የሲሊንደሩን ፊት በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀባሁት። ከዚያ ስምንት ቁጥር እየሠራሁ፣ በአንድ ጣት ብቻ እየተጫንኩ አሸሁት። ከአሥር ዙር በኋላ ገልብጬ አየሁ፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ጠፍቷል፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊው እንዳለ ነው። መሐሉ ጎድጉዷል ማለት ነው። ሌላ አሥር። ሰማያዊው ወደ ደሴት ጠበበ። ሌላ አሥር፣ ደሴቷ የጤፍ ቅንጣት አከለች። ሌላ አምስት፣ ጠፋች። በመጨረሻ በናስ መወልወያ ቅባት እርቃኑን መስታወት ላይ አሸሁት፤ የመብራቱ አምፖል በፊቱ ላይ ሳይጣመም ታየኝ። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በጥርስ ብሩሽ። የቀረች አንዲት የብርጭቆ ብናኝ የምሽቱን ሥራ በአንድ ደቂቃ ታፈርሰዋለች።

ባለቤቴ ለውሃ ስትነሳ ፎቶውን ያለ መስታወት አየችው። "እኛን ደግሞ መቼ ነው የምትጠግነው?" ብላ ተመልሳ ተኛች።

ቅዳሜ

መጥፎ ቀን።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ በጓሯቸው የዚህ ዓይነት ሞተር ከሃያ በላይ አላቸው። በእጅ የሚገፋ የውሃ ፓምፕ ከነግፊት መለኪያው አዋሱኝ። ቦይለርን በእንፋሎት ከመሞከር በፊት በቀዝቃዛ ውሃ መሞከር ግዴታ ነው ይላሉ፣ ሻይ እየጠጡም ቢሆን በቁጣ። ምክንያቱ ደስ ይላል፤ ውሃ በግፊት አይጨመቅም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጉልበት አያከማችም። ቦይለሩ ቢሰነጠቅ "ጠብ" ይላል፣ መለኪያው ይወርዳል፣ ያበቃል። እንፋሎት ወይም የታመቀ አየር ቢሆን ግን እንደ ተሳበ ቀስት ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በተራ የከባቢ አየር ግፊት ወደ 1.7 ሊትር ይሆናል፤ ያ ሁሉ የት ሊሄድ?

አየሩን አስወጥቼ እስከ አፉ በውሃ ሞላሁት። ሮሎዋ የምትሠራው በ1 ባር አካባቢ ስለሆነ 2 ባር ድረስ ልገፋ አሰብኩ። ግማሽ ባር ላይ የፊቱ ክዳን ዙሪያ ላብ መሰለ። አንድ ባር ላይ ላቡ እንባ ሆነ። ያቺ የምስር ፍሬ የወጣችው ከዚህ ነበር።

መበየዱን አውቀዋለሁ አልኩ። ዙሪያውን አጸዳሁ፣ ስታኞው እንዲይዝ የሚረዳውን ቅባት፣ ፍላክስ፣ ቀባሁ፣ ትንሿን የጋዝ ችቦ ለኮስኩ። ስታኞው እንደ ማር ፈሶ በክዳኑ ዙሪያ ሲሮጥ እያየሁ በራሴ ተደሰትኩ። ደስታው ቆይታው አራት ሰከንድ ነው። ከላይ ያለው የደኅንነት ቫልቩ አንገት በዚያው ስታኞ የተያዘ መሆኑን ረስቼ ነበር፤ ናስ ሙቀት አይደብቅም፤ አንገቱ ዘመም አለና ወደ ውስጥ ሰመጠ። ችቦውን አጥፍቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ።

እሑድ

ጎረቤቴ አልሳቁም፤ ይህ ከመሳቅ የባሰ ነው። "ጨርቅ" አሉ ብቻ።

እርጥብ ጨርቅ ማለታቸው ነው። የሚበየደው ወገን ብቻ ቀርቶ ሌላው ሁሉ ውሃ በሚያንጠባጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ጨርቁ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከሥሩ ያለው ናስ ከመቶ ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ቦይለሩን ውሃ ከመቅለጥ እንደሚጠብቀው ሁሉ ማለት ነው፣ በውጭ በኩል። መጀመሪያ አንገቱን አቀናሁ፣ ቀጥሎ አንገቱን ጠቅልዬ ክዳኑን ደገምኩት። ከሰዓት በኋላ 2 ባር፣ አሥር ደቂቃ፤ መርፌዋ አልተነቃነቀችም።

በብር ብየዳ ለምን አላጠናከርኩትም የሚል ይኖራል። የብር ብየዳ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ስስ ናስ ያለሰልሰዋል፣ ቀለሙንም እስከ መጨረሻው ይበላዋል። የደኅንነት ቫልቩን ግን አልጠገንኩም። አዲስ ገዛሁ፣ ከነፋይበር ሮንዴላው። ስድሳ ዓመት የተጨመቀችን ሞላ ማመን አልፈልግም፤ ቤት ውስጥ ልጅ አለ።

የዚያችው ልጅ ነገር፦ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሮሎዋን "አባዬ፣ ቀይ ቀባት፣ የምታብረቀርቅ ቀይ" አለችኝ። እውነት ለመናገር እኔም አረንጓዴ ቀለም በጣሳ ገዝቼ ነበር። አረንጓዴው ብዙ ቦታ ተልጧል። እሳቱ በነበረበት በኩል ቀለሙ ጠቁሮ እንደ ተቃጠለ ወተት ተኮማትሯል። ካጸዳሁት በኋላ በብርሃን ሳየው ግን የቃጠሎው ቅርጽ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ ልጁ ማንደጃውን ሁልጊዜ አጣምሞ ያስገባ ነበር። ወይም ቤታቸው ነፋስ ይገባ ነበር። ይህን ልጥዬ ሱቅ ላይ እንዳለች ማስመሰል እጄ አልታዘዘልኝም። በለብ ያለ የሳሙና ውሃ አጠብኳት፣ ሰም ቀባኋት፣ አበቃሁ። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ደረቅ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅም አይመከርም። ጣሳውን ለልጄ ሰጠኋት፤ የብስክሌቷ መቀመጫ አሁን አረንጓዴ ነው።

ረቡዕ

ነዳጅ። በኋለኞቹ ዓመታት ማሞድ የሚሠራው በደረቅ የነዳጅ ጽላት ነበር፤ ጎረቤቴም አንድ ፓኬት ነበራቸው። ጽላቱ ሄክሳሚን ነው፤ ከዚሁ ነገር ፈንጂ መሥራት ስለሚቻል ከ2023 ጀምሮ በብሪታንያ ግለሰብ ያለ ፈቃድ ሊገዛው አይችልም። እርሳቸው የነበራቸውን አስረክበዋል። "በስተርጅና አሸባሪ ተባልኩ" ይላሉ።

በጣሳ የሚሸጠውን የአልኮል ጄል ሞከርኩ፤ ነበልባሉ ሰነፍ ነው፣ ውሃውን ለማፍላት ሩብ ሰዓት ፈጀ። ስለዚህ የድሮውን መንገድ ያዝኩ፤ ሐምራዊ ቀለም የተቀላቀለበት የማገዶ አልኮል በክር። ከናስ ቆርቆሮ ጠፍጣፋ ሣጥን ሠራሁ፣ ሦስት አጫጭር ቱቦዎች አቆምኩበት፣ በየቱቦው ከመስታወት ቃጫ የተሠራ ክር ጠቀጠቅኩ። የመጀመሪያው ሙከራ የኩሽናውን ጣሪያ ሊያሳየን ነበር፤ የእሳቱ ሙቀት ሣጥኑ ውስጥ ያለውን አልኮል ራሱን አፍልቶት ነበልባሉ በየሰከንዱ አደገ። እርጥብ ጨርቅ እንደገና ጠቀመ። በሁለተኛው ሣጥኑን ከእሳቱ አርቄ ወደ ኋላ አስረዘምኩት፣ ክሩን አጥብቄ ጠቀጠቅኩ። አሁን ረጋ ብሎ ይነዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአልኮል እሳት በፀሐይ ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ጠፍቷል ብሎ መጨመር ሰው ያቃጠለ ስሕተት ነው።

ቅዳሜ

ጓሮ፣ ደመናማ፣ ነፋስ የለም። ቦይለሩ ሙሉ ሲሆን ከ100 ሚሊ ሊትር ጥቂት ያልፋል፤ ሦስት አራተኛውን በመርፌ ለክቼ ሞላሁ፣ የፈላና ኖራ የሌለው የተጣራ ውሃ። ሲሊንደሩ ውስጥ የእንፋሎት ዘይት ጠብ አደረግኩ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አይሆንም፤ እንፋሎት አጥቦ ይወስደዋል። ይህኛው እንደ ማር የወፈረ፣ ሞራ የተቀላቀለበት ነው፤ ከሙቀት ጋር ሲገናኝ ሽታው የአያቴን ማዕድ ቤት አስታወሰኝ።

በአራተኛው ደቂቃ ቦይለሩ እንደ ጀበና መዘመር ጀመረ። በስድስተኛው ቫልቩ ፉጨት ጀመረ፤ ግፊቱ ደርሷል። ቮላኖውን በጣቴ መታ አደረግኩት። ሙቅ ውሃ ፊቴ ላይ ተፋችብኝ፣ ቆመች። ሲሊንደሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ የገባው እንፋሎት ወዲያው ውሃ ይሆናል፤ ያ ውሃ እስኪወጣ በእጅ ማዞር ነው። በትልቅ ሞተር የታሰረ ውሃ ክዳን ይሰብራል፤ እዚህ ግን ሲሊንደሩ ሞላውን ገፍቶ ከፊቱ ብድግ ይልና ውሃውን ያሳልፋል። ሰነፍ የሚመስለው አሠራር እንዲህ ያለ ብልህነት አለው።

ደግሜ አዞርኩ። ደግሜ። አንድ ዙር ራሷ ሄደች፣ ቆመች። በሲሊንደሩ ጎን እንፋሎት ይንሿሿል፤ ሞላው ላልቷል። ዳዶውን ሩብ ዙር አጠበቅኩ፣ መንሿሿቱ ቆመ፣ ሞተሩም አብሮ ቆመ፤ በዛ። ግማሹን መለስኩ። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፈው ምንም አይሉም። ልጄ ጣቶቿን ጆሮዋ ውስጥ ሰክታ ቆማለች፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምንም ድምፅ የለም።

ከዚያ ያዘች። ጣቴን ሳነሳ አልቆመችም። ትክ ትክ ትክ፣ ቀጥሎ ትክትክትክ፣ ከዚያ ዙሩ ሊቆጠር የማይችል ሆነ፣ ዘይት የተቀላቀለበት ነጭ እንፋሎት ከላይ ይበተናል። አዲሱን የሞላ ቀበቶ በኋላ ጎማው ላይ ጣል አደረግኩ። ትንሽ አጉረመረመች፣ ዙሯ ወረደ፣ ተንቀሳቀሰች። በጓሯችን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ሕፃን በሚድኽበት ፍጥነት፣ ወደ ቀኝ እያዘነበለች ሄደች። ልጄ ጣቶቿን ከጆሮዋ አውጥታ ፊት ፊቷ ወደ ኋላ እየተራመደች ድንጋይ ሁሉ ጠረገችላት።

ሰባት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ። ሰዓት ይዤ ነበር፤ ውሃው ሳያልቅ እሳቱን አወጣሁ። ልጄ "ትንሽ ትጨምር!" አለች። አይሆንም አልኳት፣ ምናልባት ከሚገባው በላይ በኃይል።

ስትቀዘቅዝ የተረፈውን ውሃ ለካሁ፤ 26 ሚሊ ሊትር። ሞቅ እያለች ውሃውን አፍስሶ ክዳኗን ከፍቶ ማድረቅ ይሻላል፣ ውስጧ እንዳይበላ። ለእናቴ የላክሁላት ቪዲዮ ላይ ድምፁ በደንብ ይሰማል። "አታንኮራፋም፤ ታስነጥሳለች እንጂ" ብላ መለሰች።

የቀረው፦ የፊት ሮሎው ዘንግ ታጥፏል፤ ወደ ቀኝ የምታዘነብለው ለዚህ ነው። ለማቅናት ሞርሳ ያስፈልገኛል።